ያላንጎራጎረችው ክራር

ተረት አለኝ። «አምጪው» በሉኝ። ጎላ አድርጋችሁ በሉ፤ ለሚያንቀላፋ ሰው ተረት አላወራም። እንግዲያው ስሙ።

ድሮ፣ ዕቃው ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ ድስት ከጉልቻ ተጣልቶ ጎረቤት በሚያስታርቅበት ዘመን፣ አንዲት ክራር ነበረች። ያን ጊዜ እንስሳውም ዕቃውም ይናገራል። ሰው ግን የሚሰማው አብሮት የኖረውን ብቻ ነው። የራሱን አህያ ይሰማል፣ የጎረቤቱን አህያ አይሰማም። የቤቱን በር ይሰማል፣ የሱቅ በር አይሰማም። ይህቺን ያዙልኝ፤ ኋላ ትፈለጋለች።

ክራሯ የሰርግ ዘፋኙ የይርዳው ናት። ከእሱ በፊት የአባቱ ነበረች። ገበቴዋ በእጅ ብዛት ወዝቷል፣ ቀንበሯ ጠቁሯል፣ ስድስቱ ክሮቿ የበግ ጅማት ናቸው። ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ሰውን ቁልቁል ስታየው ሀገሩን በሙሉ የወረሰች ትመስላለች። ኩራቷም እንዲያው ከሜዳ የመጣ አይደለም። የይርዳውን ጉሮሮ እንደ እሷ የሚያውቅ የለም። ሕፃን ሆኖ ሲያለቅስ አባቱ በለቅሶው ልክ አጥብቆ ቃኝቷታል። ጎርምሶ ድምፁ ሲወፍር አላልቶ ቃኝቷታል። ልጁን ያሳደገው አባቱ ነው ቢሉም ድምፁን ያሳደገችው እሷ ናት።

ይርዳው ሰርግ ሲጠራ አህያውን እየነዳ ሸለቆ ይወርዳል፣ ገደል ገደሉን ይሄዳል፣ ዳገት ይወጣል። በዘፈኑ ይበላል፣ በዘፈኑ ያድራል። አምባሰል ሲዘፍን አንዲት ቦታ አለችው። ድምፁ ወደ ታች ይልና መሬት ሳይነካ መንገድ ላይ ይንጠለጠላል፤ አይወርድ፣ አይወጣ። እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ ሽማግሌው ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ይቀራል። የሙሽራዋ እናት የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ትወስዳለች። ሰው ይርዳውን ብሎ ከሩቅ የሚልክበት ለዚያች ቦታ ሲል ነበር። እሷ ከጠፋችበት ይርዳው ከማንም ዘፋኝ አይለይም።

ታዲያ ዘመኑ ተለወጠና ሙሽሮችን ኦርጋን አማራቸው። ኪቦርድ የሚሏትም አሉ፤ ያቺ ጥርሷ ነጭና ጥቁር የሆነው፣ ከበሮውንም ዋሽንቱንም ብቻዬን እሆናለሁ ባይዋ። ይርዳውን ሲጠሩት መጀመሪያ የሚጠይቁት ኦርጋን ይዞ እንደሚመጣ ሆነ። ክራር ብቻ ነው ሲላቸው፣ እንግዲያስ ሌላ እናያለን ይሉታል። አንዱ ሰርግ ቀረበት፣ ሁለተኛው ቀረበት፣ ሦስተኛው ሲቀርበት ኦርጋን ልግዛ ብሎ ተነሣ። ትንሽ መሆን አለባት፣ አህያው በገደሉ መንገድ ሳይጋጭ ይዟት እንዲያልፍ። መብራት በሌለበት ሀገርም በባትሪ ድንጋይ መሥራት አለባት።

በይርዳው ቤት ደግሞ ከአባቱ የቀረ ልማድ አለ። አዲስ መሣሪያ ወደ ቤት ሊገባ ሲል አሮጌዋ ክራር አጠገቡ ትሰቀላለች። አዲሱ ሲጮህ የእሷ ክሮች ማንም ሳይነካቸው በራሳቸው ካንጎራጎሩ፣ ዘመድ ነው፣ ይግባ ይባላል። ዝም ካሉ በመጣበት ይመለሳል። ሟርት እንዳይመስላችሁ። አንድ ድምፅ ያላቸው ነገሮች አንዱ ሲጠራ ሌላው አቤት ይላል፤ ተፈጥሯቸው ነው። ማሲንቆው የገባው እንዲህ ነው። ዋሽንቱም የገባው እንዲህ ነው።

ስለዚህ ይርዳው ክራሯን ከግድግዳው አወረዳትና፣ «አንቺ የአባቴ ወዳጅ፣ እኔ መብራቷን ሳይ እደናገራለሁ። ጉሮሮዬን የምታውቂው አንቺ ነሽ። አብረን ሄደን አንቺ ምረጪልኝ» አላት።

ደግ ብላ እሺ አለች። ሆዷ ግን ቆሰለ። አህያው ጀርባ ላይ ተጭና ሽቅብ ቁልቁል ስትናወጥ፣ «እይልኝ እንጂ አያ አህዮ» አለች፤ «ጣውንቴን ራሴ መርጬ ራሴ ልድር ነው።»

አህያው ጆሮውን አወዛወዘ። ጣውንትን መምረጥ ዕድል እንደሆነ፣ እሱ ግን ጭነቱን መርጦ እንደማያውቅ ነገራት። ከቻለች ቀለል ያለችዋን እንድትመርጥለት ለመናት። ክራሯ ስለ ድምፅ ነገር ከአህያ ጋር እንደማትመክር ነግራው ፊቷን አዞረች። አህያውም መንገዱን ቀጠለ። ድምፁ ምን እንደሚመስል ራሱም ያውቀዋል።

ከተማ ደረሱ። ሱቁ ሬዲዮውም፣ ፋኖሱም፣ ብርድ ልብሱም በአንድ ላይ የሚሸጥበት ሱቅ ነበር። ይርዳው ክራሯን ከተንጠለጠሉት ብርድ ልብሶች ጎን ሚስማር ላይ ሰቀላት። አህያው በሩ ላይ ቆሞ አንገቱን አስገባ። ባለሱቁ ሦስት ኦርጋኖች ደረደረ።

የመጀመሪያዋ ረዥም ነበረች፤ ከመደርደሪያው ጫፍ እስከ ጫፍ ተዘርግታ መብራቷን ታብለጨልጫለች። ባለሱቁ ሲነካት ሱቁ ተናወጠ። ክራሯን አየችና፣ «ይቺ የፍየል ቆዳ ናት እኔን የምትመርጠኝ?» ብላ ሳቀች፤ ይርዳው አብሯት ስላልኖረ አልሰማትም። የክራሯ ክሮች ዝም አሉ። ያኔስ እውነታቸውን ነው፤ ረዥሟ የምትጮኸው ለራሷ ነበርና። አህያውም ይቺን ጭኖ በገደሉ ቢሄድ ሁላቸውም ታች እንደሚገናኙ ለይርዳው ነገረው። ይርዳውም ተዋት።

ሁለተኛዋ ግራጫ ነበረች። ከክንድ ብዙም አትረዝም። ማብለጭለጭ የለ፣ ጌጥ የለ። በጎኗ ድምፅ የምታጎብጥባት ትንሽ ተሽከርካሪ ጎማ አለቻት፤ የእያንዳንዷን ቁልፍ ድምፅም ለብቻ ከፍ ዝቅ ማድረግ ትችላለች። እሷ ቀድማ አልጮኸችም። «እማማ፣ መጀመሪያ እርስዎ ይስጡኝና ልቀበልዎት» አለች።

ክራሯም ትዕቢት ይዟት፣ ትቀበል እንደሆነ ልያት ብላ፣ በበሩ የገባውን ነፋስ ሰበብ አድርጋ አራተኛዋን ክሯን አሰማቻት። ያቺን የአምባሰሏን። ግራጫዋ አዳመጠች። ትንሽ ከፍ አለች፣ ትንሽ ዝቅ አለች፣ ቆመች። ባለሱቁ ጣቱን ሲያሳርፍባት ያቺው ድምፅ ወጣች። የምትንጠለጠለው፣ የማትወርደው፣ የማትወጣው። የክራሯ ክሮች ማንም ሳይነካቸው ማንጎራጎር ጀመሩ። የአህያው ጆሮ ቀጥ አለ።

ክራሯ በዕድሜዋ የራሷን ድምፅ ከሌላ አፍ ሰምታ አታውቅም። እሱም ወጣት አፍ፤ ጅማቱ የማይበጠስ፣ ቆዳው የማይተረተር። ደስ አላት እንዳልላችሁ፣ ፈራች። ፈራች እንዳልላችሁ፣ ደስ አላት። ግራጫዋ ዝም ብትል ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። እሷ ግን መሸንገል አልተማረችም።

«ድምፅዎ ጥሩ ነው፣ እማማ» አለቻት። «ሰውየው አሁን ለራሱ ሲያንጎራጉር ሰማሁት። እሱ ከሚዘፍንባት ቦታ አራተኛዋ ክርዎ ጥቂት ወርዳለች። መንገዱ አላልቷት ይሆናል። እኔ እሱ ያለበት ድረስ ከፍ ልበል?»

እውነት ነው። በመንገድ ፀሐይ ጅማቷ ላልቷል። ግን ወርደሻል ብሏት የሚያውቅ ማን አለ? ያውም በሱቅ ውስጥ፣ ያውም በትናንት ልጅ። ክራሯ ቆዳዋ ነደደ። ቀስ ብላ ሚስማሩ ላይ ተንሸራተተችና ክሮቿን ብርድ ልብሱ ላይ አስደገፈች። ማንጎራጎሩ ሱፍ ውስጥ ሰምጦ ጠፋ።

ይርዳው ቀና አለ። «አሁን ያንጎራጎርሽ መሰለኝ» አላት።

«የአህያው ሆድ ነው የጮኸው» አለችው። «ዛሬ አልበላም።»

ሦስተኛዋ ቀይ ነበረች፤ አጭር፣ ቀላል፣ ወዟ የሚያንሸራትት። ገና ሳትነካ ከክራሯ ሥር ወደቀች። «እሜቴ፣ እርስዎ እያሉ እኔ ማን ነኝ?» አለች። «ግድግዳው የእርስዎ ነው፣ እኔ መሬት ይበቃኛል። ዜማው የእርስዎ ነው፣ እኔ ከበሮ ከበሮውን እላለሁ።»

ክራሯ ከፍ ዝቅ ማለት ትችል እንደሆነ ጠየቀቻት።

«ከተሠራሁበት ንቅንቅ አልልም» አለች ቀዩዋ። «እንዲያውም ለእርስዎ ይሄ አይሻልም? ያቺን ስስ ቦታ ሲፈልግ ከእርስዎ በቀር የት ይሄዳል?»

ይህቺን ስትሰማ ክራሯ መላው ታያት። እንዲህ ብላ አሰበች። ቀዩዋ ትንሽ ትጮኻለች፣ ሙሽሮቹ ይጨፍራሉ። አምባሰሉ ሲመጣ ግን ይርዳው ድምፁን የሚያሳርፍበት ያጣል። ያኔ እጁ ወደ ግድግዳው ይመለሳል። ባለሱቁ ቀዩዋን ሲነካት ክራሯ ከብርድ ልብሱ ላይ ተላቀቀችና ራሷን ከግድግዳው ጋር አጋጨች። ስድስቱም ክሮች ጮኹ። ይርዳው ደስ ብሎት፣ ዘመድ አገኘን ብሎ ቀዩዋን አስጠቀለለ።

በመንገድ ላይ አህያው ሁለቱንም ተሸክሞ ዝም ብሎ ሄደ፣ ሄደ፣ ከዚያ፣ «እመት ክራር፣ ሆዴ እኮ አልጮኸም ነበር» አላት።

«መንገድህን እይ» አለችው።

አህያው ይርዳው ዘንድ ሄዶም ክራሯ ያንጎራጎረችው ለግራጫዋ እንደሆነ ነገረው። ይርዳው ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ። ስለ ቅኝት አህያ የሚመክረው ዘፋኝ ሆኜ ልቅር እንዴ አለና ጀርባውን ቸብ ቸብ አደረገው። አህያውም ከዚያ በኋላ ስለ ሸክሙ እንጂ ስለ ዜማ አላነሣም። ሸክሙ ደግሞ እውነት ለመናገር ቀሎለት ነበር።

የመጀመሪያው ሰርግ ደረሰ። ክራሯ ዳሱ ምሰሶ ላይ ተሰቅላ ትጠብቃለች። ቀዩዋ ከበሮዋን ደለቀች፣ ሰው ተነሥቶ ጨፈረ፣ አቧራው ጨሰ። አምባሰሉ መጣ። የይርዳው ድምፅ ወደዚያች ቦታ ወረደና ተንጠለጠለ። ቀዩዋ ግን እዚያ ቦታ ላይ ቁልፍ የላትም። አንዱ ቁልፏ ከቦታዋ በላይ ነው፣ ሌላው ከቦታዋ በታች። ድምፁና ኦርጋኗ ተጋጩ፣ ጥርስ አሸዋ ሲያገኘው እንደሚለው አሉ። ይርዳው ደነገጠና ወደ ላይኛው ቁልፍ ወጣላት። ክራሯ በልቧ እሰይ አለች፤ ቸገረው፣ አሁን ይመጣል።

አልመጣም።

ሁለተኛው ሰርግ ደረሰ። ይርዳው ወደዚያች ቦታ ሲቃረብ ገና ከሩቁ ፈራ። ግጭቱን አስታውሶ አስቀድሞ ወደ ቀዩዋ ቁልፍ ወጣ። ሰው እንደ ጨፈረ ጨፈረ። ጉርሻ ይዞ የቆመ ግን አልነበረም። ክራሯ ምሰሶው ላይ ሆና፣ ዛሬ ካልመጣ ነገ ይመጣል ብላ ራሷን ታጽናናለች።

ሦስተኛው ሰርግ ላይ ጭፈራው እንደጋለ የቀዩዋ ድንጋይ አለቀ። ድምፆቿ እያዛጉ፣ እያዛጉ ጠፉ። ዳሱ ጸጥ አለ። ይርዳው ቀና ብሎ ምሰሶውን አየ። ክራሯ የዚያን ቀን ምን እንደተሰማት እኔ አልነግራችሁም፤ የረሳችሁ ሰው ፊቱን ሲመልስላችሁ የሚሰማውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

አወረዳት። አቧራዋን በጋቢው ጠረገላት። ጭኑ ላይ አስቀመጣትና መቃኘት ጀመረ። አንደኛዋን አጠበቀ፣ ሁለተኛዋን አላላ፣ ሦስተኛዋን አስተካከለ። አራተኛዋ ላይ ደረሰ። ክሯ ከፍ አለች፣ ከፍ አለች፣ ያቺ ቦታ ደረሰች፣ አለፈቻት። በቀዩዋ ቁልፍ ልክ ደርሳ ቆመች።

«ትንሽ መልሳት» አለችው።

«ልክ ናት» አላት።

«ይርዳው፣ አልፈሃታል።»

አጎንብሶ አዳመጠ። በጉሮሮው ለካት፤ ጉሮሮው ልክ ናት አለው። «ጆሮሽ አረጀ፣ የአባቴ ወዳጅ» አላት። ተቆጥቶ አይደለም። በፍቅር ነው ያላት፣ አሮጊት እናቱን እንደሚያጽናና። ተቆጥቶ ቢሆን ይሻላት ነበር።

ዘፈነ። ሽማግሌው ጉርሻውን ዋጠና ሌላ ጠቀለለ። የሙሽራዋ እናት ወጥ ይጨመር ብላ ወደ ጓዳ ዞረች።

ሲመለሱ ዳገቱ ላይ ክራሯ መያዝ አቃታት። ብርድ ልብሱንም፣ የአህያውን ሆድም፣ ከግድግዳው መጋጨቷንም አንድ ሳታስቀር ነገረችው። አህያው እሱ ይህን ቀድሞ ተናግሮ እንደነበር ማስታወስ ፈለገና ፊቷን አይቶ ተወው። ይርዳው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የአባቱ ክራር ዋሽታ አታውቅም፤ አሁን ዋሽቻለሁ ስትለው፣ የዋሸችው ያኔ ይሁን አሁን ቸገረው።

በመጨረሻ፣ «በአባቴ ልማድ እንየው» አላት። «ሄደን እንስቀልሽ። ካንጎራጎርሽላት ግራጫዋን ይዤ እገባለሁ።»

ሱቁ ደረሱ። ግራጫዋ ከፋኖሶች ኋላ አቧራ ለብሳ ተቀምጣለች፤ የሚያዳምጥን ማን ይገዛል? ክራሯን ስታይ ቁልፎቿ ተነቃነቁ። «እማማ፣ መጡ?» አለቻት። «ያን ዕለት ከሄዱ በኋላ ወደ ሰውየው ቦታ ከፍ አልኩ፤ ከዚያ ወዲህ አልነካኋትም። እንዳስቀመጥኳት አለች።»

ይርዳው ክራሯን ሰቀላት። በዚህ ጊዜ ብርድ ልብስ በአጠገቧ የለም፤ ራሷ ነች አርቁልኝ ያለችው። ባለሱቁ ግራጫዋን ነካት።

ያቺ ድምፅ ወጣች። የምትንጠለጠለው፣ የማትወርደው፣ የማትወጣው። አህያው በሩ ላይ ጆሮውን ቀጥ አደረገ። ክራሯ ሰማቻት፣ አወቀቻት፣ የይርዳውን የሕፃንነት ለቅሶ ሳይቀር ሰማችባት። ክሮቿ አቤት እስኪሉ ጠበቀች።

ክሮቿ ዝም አሉ።

አልተደገፉም፣ አልታፈኑም። እንዲያው ዝም አሉ። ጅማት የተቃኘበትን እንጂ የወደደውን አይመልስም። አራተኛዋ ክር በቀዩዋ ልክ ተወጥራ ቆማለች፤ ያቺን ቦታ አታውቃትም።

ይርዳው ግንባሩን ቋጠረ። «ይቺ ጥቂት ወርዳለች» አለ፣ ግራጫዋን። ከዚያ ለማመሳከር ቀዩዋን ከአህያው ጀርባ አወረደና አዲስ ድንጋይ አስገብቶ አንድ ቁልፍ ነካት። የክራሯ ክሮች ማንም ሳይነካቸው፣ እሷ ሳትፈቅድላቸው፣ ሱቁን የሚሞላ ማንጎራጎር አንጎራጎሩ። እንዲህ አጥርተው በአባቱም ጊዜ አላንጎራጎሩም።

«አየሽ» አላት ይርዳው። «ያኔ በደንብ ነው የመረጥሽልኝ። አሁን ነው የተደናገርሽው።»

«በግራጫዋ ልክ ቃኘኝ» ብላ ለመነችው። «አንዴ ብቻ፣ አራተኛዋን ብቻ።»

«የአባቴን ክራር» አላት ይርዳው አዝኖ፣ «በሱቅ ዕቃ አልቃኝም።»

ግራጫዋን እዚያው ትተዋት ወጡ።

ይርዳው እስከ ዛሬ ይዘፍናል ይባላል። አይጠሩትም አይባልም፣ ይጠሩታል፤ ኦርጋን ያለው ሌላ ካልተገኘ። ያቺን ቦታ አሁን የሚያውቋት በቤቱ ሁለት ብቻ ናቸው። አንዷ ክራሯ ናት፤ ራሷን መደርደር አትችልም። ሁለተኛው አህያው ነው። አንዳንዴ ወደ ማታ በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ፣ «እመት ክራር፣ እንዲህ አልነበረችም?» ይላትና ለማሰማት ይሞክራል። ጎረቤቱ ሁሉ ይሄን አህያ ዝም አሰኙልን ይላል። ክራሯ ብቻ፣ «ቀርበሃል አያ አህዮ፣ እንደገና በላት» ትለዋለች።

እኔ ከዚህ የያዝኩትን ልስጣችሁ። ሲጠይቁት እውነቱን የሸሸገ፣ ቆይቶ እውነቱን ሲያወጣ የገዛ ክሩ እንኳ አይመሰክርለትም።

አምጪው አላችሁኝ፣ አመጣሁት። አሁን ተረቱ የእናንተ ነው፤ ብርድ ልብስ ላይ አታስደግፉት።